«ጥበቃ ይደረጋል»፤ ማን ያደርጋል? ስለ ኤሌክትሪክ ንግድ ውሎች አማርኛ የቀረበ ሒስ

በአዳማ አጠገብ ባሉት ኮረብቶች ላይ የተተከሉት የነፋስ ተርባይኖች፣ ከከተማይቱ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው የቆቃ ግድብ፣ በደምበል (በቀድሞ ስሙ ዝዋይ) እና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል ያለው የአሉቶ የእንፋሎት ጣቢያ ሁሉም የተሠሩት ለአንድ የአገር የኤሌክትሪክ መረብ ነው። ኤሌክትሪኩ ከመረቡ ከገባ በኋላ የነፋሱን ከውኃው፣ የአዳማውን ከግቤው ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ከዚሁ መረብ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ለጅቡቲ፣ ከዚያም ለሱዳን፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ለኬንያ ኤሌክትሪክ ተሽጧል። ስለዚህ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ዙሪያ የሚቆፈረው ጕድጓድ፣ የሚገደበው ወንዝና የሚተከለው ምሰሶ ከድንበር ማዶ ካለ ገዢ ጋር በተጻፈ ቃል ይገዛል ማለት ነው። ያ ቃል በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ይረቀቃል፤ ወደ እኛ የሚደርሰው በተርጓሚ እጅ ነው።

ይህን ሐተታ ያዘጋጀነው የኤሌክትሪክ ንግዱን ጥቅምና ጕዳት ለመመዘን አይደለም። ያ የኢኮኖሚና የምሕንድስና ሊቃውንት ሥራ ነው። እኛ የምንሄሰው አማርኛውን ነው። ሒሳችንም በአጭሩ ይህ ነው፦ በእነዚህ ሰነዶች የአማርኛ ትርጉም፣ ማጠቃለያና ማብራሪያ ውስጥ ስለ መሸጥና ስለ መግዛት የሚናገረው ክፍል ባለቤቱና ማሰሪያ አንቀጹ በግልጽ ታውቆ ሲጻፍ፣ ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚናገረው ክፍል ግን ባለቤት በሌለው አማርኛ ይጻፋል። ይህም የሰዋስው ጕድለት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የግዴታውን መጠን ይለውጣል።

ጉዳዩ ለምን እንደሚያሳስበን በመጀመሪያ እናስረዳ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ9ኛው አንቀጹ ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል መሆናቸውን ደንግጓል። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987 ደግሞ ጋዜጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ እንዲታተም፣ በሁለቱ መካከል ልዩነት ቢገኝ አማርኛው እንዲጸና ወስኗል። ነገር ግን ብዙዎቹ የማጽደቂያ አዋጆች ስምምነቱ መጽደቁን የሚገልጹ ጥቂት አንቀጾች ብቻ ያሏቸው ናቸው፤ የስምምነቱ ሙሉ ቃል አብሯቸው አይታተምም። ስለዚህ የበላይነት የተሰጠው አማርኛ በብዙ ቦታ የለም፤ በምትኩ ያለው የማጠቃለያው፣ የማብራሪያውና የዜናው አማርኛ ነው። የወረዳ ሹም፣ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ዳኛው ሳይቀር የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ያልተተረጐመ ግዴታ ደግሞ በወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚጠይቅለት ሰው አያገኝም።

ለነገሩ የስምጥ ሸለቆው ኤሌክትሪክ ከውጭ ውል ጋር የተዋወቀው ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1947 በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር የጦር ካሣ እንድትከፍል ወስኖ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1956 በተደረሰው ስምምነት ገንዘቡ ወደ 16.3 ሚሊዮን ዶላር ዝቅ ብሎ ለቆቃ ግድብ ሥራ ዋለ። ግድቡም እ.ኤ.አ. በ1960 ተመረቀ። 43 ሜጋ ዋት የሚያህለው ጣቢያ የሁለት መንግሥታት ውል የወለደው ነው ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ አንድ ቃል ልብ ይሏል። «ካሣ» መንግሥት ለመንግሥት ለጦር በደል የሚከፍለው ነው፤ «ካሣ» ደግሞ መሬቱ በውኃ ለተዋጠበት ገበሬና ከብት አርቢ የሚከፈለውም ነው። ሁለቱ በአንድ ቃል ሲጠሩ ሰነዱን የሚያነብ ሰው የመጀመሪያው ከተከፈለ ሁለተኛውም የተከፈለ ይመስለዋል። ፊተኛውን «የጦር ካሣ»፣ ኋለኛውን «የይዞታ ካሣ» ብሎ መለየት ሳያስቸግር፣ በብዙ ጽሑፍ «ካሣው» ተብሎ ብቻ ይታለፋል።

ከዚህ ወደ ሰነዶቹ ስም እንለፍ። በአማርኛ ውል፣ ስምምነት፣ ቃል ኪዳን፣ የመግባቢያ ሰነድ፣ መግለጫ፣ ፕሮቶኮል የሚሉ ስያሜዎች አሉ። ድሀ አይደለንም ማለት ነው። አሠራሩ ግን «ስምምነት» የሚለውን ቃል እንደ ጋቢ በሁሉም ላይ መደረብ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1993 በካምፓላ የተፈረመው የኮሜሳ መመሥረቻ፣ በመንግሥታት መካከል የተደረገና ስለ ኢነርጂም ስለ አካባቢም ምዕራፎች ያሉት፣ «ስምምነት» ይባላል። በአርሲ በሚገኘው በቱሉ ሞዬ የእንፋሎት ኤሌክትሪክ ለማመንጨት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከአንድ ኩባንያ ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 የተፈራረመው የግዥ ሰነድም «ስምምነት» ይባላል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2015 በካርቱም ስለ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የተፈረመው፣ ጕልህ ጕዳት ያለማድረስን መርሕና ለታችኛዎቹ አገሮች በኃይል ግዥ ቅድሚያ መስጠትን በአንድ ወረቀት ያጣመረው ሰነድ፣ ለአንዱ ጸሐፊ «ስምምነት»፣ ለሌላው «መግለጫ» ነው።

ልዩነቱ የስያሜ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ዓይነት ሰነድ ሲጸድቅ የአገር ሕግ ይሆናል፤ ሁለተኛው ሻጭንና ገዢን ብቻ ያስራል፤ ሦስተኛው ምን ያህል እንደሚያስር የሕግ ሊቃውንት ይከራከሩበታል። አሠሪው ማን፣ ታሳሪው ማን እንደሆነ የሚለየው ቃል ከጠፋ፣ በኢተያ አካባቢ ያለ ገበሬ የጕድጓዱ ውኃ ቢበላሽበት በአገር ሕግ ይጠይቅ ወይስ ባልተዋዋለበት የሁለት ወገን ውል ፊት ይቁም የሚለው ጥያቄ ከመነሻው ይደናገራል። በበኩላችን በመንግሥታት መካከል ለሚደረገው «ስምምነት»፣ በሻጭና በገዢ መካከል ለሚደረገው «ውል» የሚለውን ብንይዝ ሕገ መንግሥቱም የፍትሐ ብሔር ሕጉም የሚደግፉን ይመስለናል። እርግጥ ታሪክ «የውጫሌ ውል» ብሎ አስለምዶናል፤ ልማዱን ለታሪክ ጸሐፊዎች እንተወዋለን።

«ኃይል» የሚለው ቃል ብቻውን አንድ ሐተታ ይበቃዋል። አዲስ አበቤው «መብራት ኃይል» ሲል መሥሪያ ቤቱን፣ ተማሪው «ኃይል» ሲል ገፊውን ጕልበት፣ መሐንዲሱ «ኃይል» ሲል በሜጋ ዋት የሚለካውን፣ የንግድ ሠራተኛው «ኃይል» ሲል በኪሎ ዋት ሰዓት ተቈጥሮ የሚሸጠውን ማለቱ ነው። ከኬንያ ጋር የተደረገውን ውል እንውሰድ። ውሉ የ25 ዓመት ነው፤ መጀመሪያ 200 ሜጋ ዋት ይቀርባል፤ ዋጋው በኪሎ ዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። 200 ሜጋ ዋት መጠነ ፍጥነት ነው፤ ኪሎ ዋት ሰዓት ግን የተከማቸ ብዛት ነው። መስመሩ አንድ ሙሉ ሰዓት በ200 ሜጋ ዋት ቢሠራ 200 ሺህ ኪሎ ዋት ሰዓት ይሸጣል፤ ዋጋውም 13 ሺህ ዶላር ይሆናል። በዜና አማርኛ ግን «200 ሜጋ ዋት ኃይል በ6.5 ሳንቲም ተሸጠ» የሚል ዓይነት ዐረፍተ ነገር ሲነገር እንሰማለን፤ ይህ «በአንድ ሊትር 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገዛሁ» እንደ ማለት ነው። ቀልድ የሚመስለው ስሕተት ከአካባቢ ግዴታ ጋር ሲገናኝ ቀልድነቱ ይቀራል። ምክንያቱም አንድ ጣቢያ የሚያስወጣው ጋዝና ፍሳሽ የሚቈጠረው ባመነጨው ብዛት እንጂ ሊያመነጭ በሚችለው ፍጥነት አይደለም።

የሚያስገርመው የአዳማ ጎረቤት ቋንቋ ይህን ችግር አያውቀውም። በአፋን ኦሮሞ «ሁምና» እና «አኒሳ» ሁለት ቃላት ናቸው፤ ፊተኛው ለኃይል፣ ኋለኛው ለኢነርጂ ያገለግላል። አማርኛም ከፈለገ መለያ አለው። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 «ኢነርጂ»ን በውሰት ቃልነት አጽድቆታል፤ የሚኒስቴሩም ስም ሆኗል። «ጕልበት» የሚለውን የሚመርጡ ባለሙያዎች ክርክራቸው መልካም ቢሆንም፣ በሕግ ከተመዘገበው ቃል ጋር ትግል መግጠም አሁን ፍሬ ያለው አይመስለንም። «ኢነርጂ» ለሚሸጠው ብዛት፣ «ኃይል» ለፍጥነቱ፣ «አቅም» ለጣቢያው ጣሪያ ይሁን። ለምሳሌ አዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት የሚባለው አቅማቸው ነው፤ ነፋሱ ሲተኛ ኃይላቸው ከዚያ በታች ይወርዳል።

አሁን ወደ ዋናው ሒስ እንግባ። የእንግሊዝኛው የስምምነት ቋንቋ የግዴታን ደረጃ የሚለየው በረዳት ግስ ነው። አንዱ ረዳት ግስ ያስገድዳል፣ ሌላው ይመክራል፣ ሦስተኛው ይፈቅዳል፤ «ይጥራሉ» ከሚል ቃል ጋር ሲጣመር ደግሞ ውጤትን ሳይሆን ጥረትን ብቻ ያስገድዳል። እነዚህ ጥቃቅን ቃላት ምን ያህል እንደሚከብዱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 በፓሪስ የአየር ንብረት ጉባኤ ታይቷል። በመጨረሻው ረቂቅ የበለጸጉት አገሮች የልቀት ቅነሳ በአስገዳጁ ረዳት ግስ ተጽፎ ተገኘ፤ አሜሪካኖች ይህን አንቀበልም በማለታቸው ስብሰባው ተጓተተ፤ በኋላም «የጽሕፈት እርማት» ተብሎ በመካሪው ረዳት ግስ ተተካና ስምምነቱ ጸደቀ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2017 ያጸደቀችው ይህንኑ ነው። በአማርኛ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም «ይቀንሳሉ» ተብለው በተተረጐሙና ጭቅጭቁ ለምን እንደተነሣ ለአንባቢ ባልገባው ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል ለመላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ ጣልያንኛው ፈቃዱን ወደ ግዴታ የሚያዞር ግስ ነበረበት። ከዚያ የመጣውን ሁሉም ያውቃል። በዚያን ጊዜ የላላው አማርኛው ነበር፤ ያ ልልነትም የእኛን ነጻነት ጠበቀ። ዛሬም የሚላላው አማርኛው ነው፤ ነገር ግን የሚለቀው ለእኛው አፈርና ውኃ የተገባውን ቃል ነው።

አማርኛ ይህን ደረጃ መግለጽ ስለማይችል ነውን? አይደለም። ትንቢት አንቀጹ («ያደርጋል») በሕግ ቋንቋ ውስጥ አስገዳጅ ነው፤ «የማድረግ ግዴታ አለበት» አጥብቆ ይናገራል፤ «ማድረግ ይገባዋል» ይመክራል፤ «ማድረግ ይችላል» ይፈቅዳል፤ «ለማድረግ ይጥራል» ጥረትን ብቻ ይጠይቃል። ችግሩ ያለው በተደራጊ ግስ ላይ ነው። ምሳሌውን እኛው አቀናብረን እናቅርብ። በንግዱ ክፍል፦ «ሻጭ ኢነርጂውን ያስረክባል፤ ገዢ በ30 ቀን ውስጥ ይከፍላል፤ ባይከፍል ወለድ ይታሰብበታል።» እዚህ ላይ ማን ምን መቼ እንደሚያደርግ ሕፃንም ያውቃል። በአካባቢው ክፍል፦ «ለአካባቢ ተገቢው ጥበቃ ይደረጋል፤ ጕዳት እንዳይደርስ አስፈላጊው እርምጃ ይወሰዳል።» ባለቤቱ የት አለ? ጥበቃው የሚደረገው በሻጩ ነው? በገዢው ነው? ወይስ በራሱ ጊዜ የሚደረግ ነው? የእንግሊዝኛውን ቃል ብንመለከት በብዙው «ተዋዋዮቹ» የሚል ባለቤት አለው። ተርጓሚው ባለቤቱን አስወግዶ ግሱን ተደራጊ ሲያደርግ፣ ሳያስበው አንድን ባለዕዳ አሰናብቷል። ከዚህም በላይ «ይደረጋል» የሚለው ቃል ትንቢት ሆኖ የሚነበብበት መንገድ አለው፤ «ነገ ዝናብ ይዘንባል» እንደሚባለው።

ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ መገመት አያዳግትም። የጽሕፈት ቤት አማርኛችን ትሕትናን ከባለቤት አልባነት ጋር አዛምዶታል። «እናደርጋለን» ማለት ድፍረት፣ «ይደረጋል» ማለት ጨዋነት ይመስላል። በደብዳቤ ይህ ቢያምር፣ በስምምነት አያምርም። ተርጓሚዎቻችን ከዚህ በኋላ አንድ ደንብ ቢይዙ በቂ ነው እንላለን፦ በምንጩ ባለቤት ያለው ዐረፍተ ነገር በአማርኛም ባለቤት ይኑረው። ባለቤቱን የጣለው ምንጩ ራሱ ከሆነ ግን ተርጓሚው ሊፈጥርለት አይገባም፤ ጕድለቱ በግርጌ ይመልከት።

በአሉቶ ነገሩ ወደ ስያሜ ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ1998 ሥራ የጀመረው፣ 7 ሜጋ ዋት ገደማ እንዲያመነጭ የተሠራው ጣቢያ በተለምዶ «የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ» ይባላል። «የከርሰ ምድር እንፋሎት» የሚለው ስያሜ ውብ ነው፤ ሶደሬን የሚያውቅ ሁሉ ሲሰማው ይገባዋል። ነገር ግን ከጕድጓዱ የሚወጣው እንፋሎት ብቻ አይደለም። ማዕድን የተሟሟበት ትኩስ ውኃ ይወጣል፤ ሽታው አፍንጫ የሚበሳ ጋዝ ይወጣል። የስምጥ ሸለቆው የከርሰ ምድር ውኃ በፍሎራይድ የበዛ መሆኑ ደግሞ ጥርሳቸው በቡኒ ቀለም የተዥጎረጎረ የአካባቢው ልጆች ምስክር ናቸው። ስለዚህ የጥንቃቄው ሁሉ ማዕከል ያንን ውኃ በሜዳ ላይ ሳይለቁ ወደ መጣበት ጥልቀት መመለስ ነው። ውሉ «እንፋሎት» ብቻ ብሎ ከተናገረ ውኃው ከቃሉ ውጭ ይቀራል፤ ከቃሉ ውጭ የቀረ ነገር ከግዴታውም ውጭ መሆኑን ጠበቃ ሊከራከርበት ይችላል። አዋጅ ቁጥር 981/2008 «ጂኦተርማል» የሚለውን የውሰት ቃል መያዙን አንዳንድ ቋንቋ ወዳዶች ነቅፈውታል። እኛ ግን በዚህ አንድ ጊዜ ለውሰቱ እንመሰክራለን፤ እንፋሎቱንም ውኃውንም ሙቀቱንም አቅፎ ይይዛልና። ውኃውን የመመለሱ ሥራ ግን አማርኛ ስም ይሻል። «መልሶ ማስረግ» የሚለውን ሐሳብ እናቀርባለን፤ «መልሶ ማስገባት» ከሚለው ይልቅ ጥልቀቱንና ግፊቱን ያሳያል።

«አካባቢ» ራሱ የሚያከራክር ነው። ሥሩ «ከበበ» ነው፤ በተራ ንግግር ሠፈርን፣ አቅራቢያን ያመለክታል። በዚህ የተነሣ «ድንበር ተሻጋሪ የአካባቢ ጕዳት» ስንል ሁለቱ ቃላት ይጣላሉ፤ የአካባቢ የሆነ ነገር እንዴት ድንበር ይሻገራል? «ከባቢ» በሚለው እንተካው የሚሉ አሉ። ሕገ መንግሥቱ በ44ኛ አንቀጹ፣ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም በርእሱ «አካባቢ»ን ስለያዙ ቃሉን መለወጥ አንደግፍም። የሚሻለው በየስምምነቱ ትርጓሜ ክፍል «አካባቢ ማለት በድንበር ያልተወሰነ...» የሚል ፍች ማኖር ነው። «ተጽዕኖ» እና «ጕዳት»ንም መቀያየር ይቅር፤ ተጽዕኖ በጎም ክፉም ሊሆን ይችላል፣ ጕዳት ግን ክፉ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ለአንባብያን የምናቀርበው አንድ ያልተቋጨ ቃል አለ። የአንድ አገር ኤሌክትሪክ በሁለተኛው አገር መስመር አልፎ ለሦስተኛው ሲሸጥ ባለሙያዎች «ዊሊንግ» የሚሉት አገልግሎት አለ። ዋና ጽሕፈት ቤቱ በአዲስ አበባ የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ቋት እየሰፋ ሲሄድ ቃሉ በየሰነዱ ይበዛል። «ትራንዚት» እንዳይባል ይህ ቃል በአዳማ ባለቤት አለው፦ ከጅቡቲ በሚመጣው መንገድ ላይ የሚነግድ ሁሉ ትራንዚተሩን ያውቀዋል፤ የትራንዚተሩ ሥራ ደግሞ ስለ ዕቃ ነው። ኤሌክትሪክ ዕቃ ነውን? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1129ኛ አንቀጹ ሰው የገራቸውንና ዋጋ ያላቸውን እንደ ኤሌክትሪክ ያሉ የተፈጥሮ ኃይሎች እንደ ግዙፍ ተንቀሳቃሽ ንብረት ቈጥሯቸዋል፤ ከስድሳ ዓመት በፊት የነበሩት የሕግ ተርጓሚዎች ከእኛ ይልቅ ደፋሮች ነበሩ። ቢሆንም የጭነት መኪና ዕቃውን ይዞ ያልፋል፣ መስመሩ ግን የገባበትን ሳይሆን መጠኑን ብቻ በሌላው ጫፍ ይሰጣል። «የማሳለፍ አገልግሎት» እና «የማሳለፊያ ዋጋ» የሚሉትን አቻ ቃላት ለጊዜው አቅርበናል። የተሻለ ያለው ይጻፍልን፤ በተለይም በአፋን ኦሮሞ የሚሠሩ ባልደረቦቻችን የመረጡትን ቃል ቢልኩልን ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን በሚቀጥለው ዝርዝር እናወጣለን።